«ልክ ነህ» ብላ ዝም አለችኝ

ጥያቄ፦ ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖናል። በክርክር ባለቤቴ አትችለኝም፤ ማስረጃ ሳልይዝ አልናገርም። አሁን አሁን ግን ገና አፌን ስከፍት «እሺ፣ ልክ ነህ» ትልና ወደ ሌላ ክፍል ትገባለች። ባለፈው ወር «እህቴ የመጣችው ሐሙስ ነው»፣ «የለም፣ ዓርብ ነው» ተባብለን የቆየ መልእክት ከስልኬ ፈልጌ አሳየኋት። ልክ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አታወራኝም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ሐሳቤ የቀረው ያ መልእክት ላይ ነው። ስልክህን ይዘህ ወደ ኋላ እየሄድክ ስትፈልግ እሷ ቆማ ትጠብቅሃለች። ሐሙስ ሆነ ዓርብ፣ በቤታችሁ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ስልኩን ስታሳያት ያየችው ቀኑን አይመስለኝም፤ መሳሳቷን ለማረጋገጥ ያን ያህል መድከምህን ነው።

«ልክ ነህ» ስትልህ አምናለች ብለህ አትውሰደው። ያመነ ሰው ይጠይቃል፣ የራሱንም ይጨምርበታል። ተነስቶ የሚሄድ ሰው ክርክሩ እንዲያልቅለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ባለትዳሮችን ለብዙ ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ትዳርን ክፉኛ ይጎዳሉ ካላቸው አራት ልማዶች አንዱ እንዲህ ያለው መዘጋት ነው፤ ሌሎቹ የሰውን ማንነት መንቀፍ፣ ንቀትና ጥፋትን ላለመቀበል መከላከል ናቸው። ዝምታው ከውጭ ሲያዩት ግድ የለሽነት ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሰው በጭቅጭቅ መሀል የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ መስማትም ማመዛዘንም ያቅተዋል፤ ያኔ የምታቀርበው ማስረጃ ጆሮዋ አይገባም። እንዲህ ሲሆን «ቆይተን እናውራበት» ተባብላችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ዕረፍት ውሰዱ። በዚያ ጊዜ ግን መልስ ስታሰናዳ እንዳትቆይ።

ክርክር ጨርሶ ይቅር እያልኩህ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባቸው በኋላ ሁሉን እየዋጡ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝኑኛል። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለተጣሰ ቃል ዝም ከተባለ ቂም ይቋጠራል። እነዚህ ክርክር ይገባቸዋል። ነገር ግን በጎትማን ጥናት ባለትዳሮች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶው ከባሕርይ ልዩነት የሚመነጩና ለዓመታት የሚመላለሱ ናቸው። በማስረጃ ልትዘጋቸው ብትሞክር በሌላ መልክ ይመለሳሉ። እነሱን በተመለከተ የምትፈልገው ብያኔ ሳይሆን አብሮ መነጋገር መቻል ነው።

አንድ ነገር ራስህን በሐቅ ጠይቅ፤ ስትከራከር ድምፅህ ከፍ ይላል? ትፈራህ ይሆን? መልሱ «አዎ» ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው፤ ለዚህ ባለሙያ ፊት መቀመጥም አያሳፍርም።

ዛሬ ማታ «ያን ቀን መልእክት ፈልጌ ማሳየቴ ጥፋት ነበር፤ ይቅር በይኝ» በላት። «ግን» የሚል ቃል አትጨምርበት። ወዲያው ላትመልስልህ ትችላለች፤ አትጎትጉታት። ስትናገር ያለችውን በራስህ አባባል መልሰህ ንገራት፤ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩህ» እስክትልህ ድረስ የራስህን ሐሳብ አቆየው። ምናልባት የቆየ ነገር አንስታ ቀኑን ወይም ቦታውን ትሳሳት ይሆናል። አታርማት፤ ትጨርስ።