መልስ፦ የሱፐርቻርጀር ዓይነቶች ልዩነት
ወንድሜ፣ «ሱፐርቻርጀር ሁሉ አንድ አይደለም ወይ? ለደብረ ታቦር ዳገትስ የቱ ይሻላል?» ላልከው፣ አንድ አይደለም። ሱፐርቻርጀር ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው፤ ሦስቱ የተለመዱ ዓይነቶች፣ ሩትስ፣ ትዊን ስክሩና ሴንትሪፉጋል፣ ጉልበታቸውን ከክራንክሻፍት (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ይወስዳሉ፣ ብዙውን ጊዜ በቺንጋ። ተርቦ የሚባለው ሌላው አየር ገፊ ግን ከሞተሩ በሚወጣ ጭስ ግፊት ነው የሚሽከረከረው።

ሩትስ አየሩን በሁለት ሮተሮች (ተሽከርካሪ ክፍሎች) ይገፋል እንጂ ውስጡ አያምቅም፤ አየሩ የሚታመቀው ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ጋ ሲደርስ ስለሆነ በጣም ይግላል። ትዊን ስክሩ እዚያው ውስጡ እያጠበበ ያምቃል፤ ሙቀቱ ያንሳል። ሴንትሪፉጋል እንደ ተርቦ ኢምፔለር (አየሩን የሚወረውር ባለ ክንፍ መዘውር) አለው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብዙም አይረዳም።

ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 20 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ ደግሞ ይብሳል፤ መኪናህ ዳገት ላይ የሚደክመው በዚህም ጭምር ነው። ጭነት ይዘህ ለምትወጣው ትዊን ስክሩን እመርጥልሃለሁ። ብቻ አደራ፣ አስቀድመህ የሞተሩን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የማመቅ አቅማቸውን) አስለካ፤ የደከመ ሞተር ላይ ከተገጠመ ፒስተን ሊበሳ ይችላል።