አልታጠፍ ያለው የሞተር ቦት ጫማ

ጥያቄ፦ የግብርና ባለሙያ ስሆን ከደብረ ማርቆስ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሞተር ሳይክል እመላለሳለሁ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ እስከ ጉልበቴ ሥር የሚደርስ ባለ አራት ዘለበት የሞተር ቦት ጫማ ልኮልኝ ነበር፤ ነገር ግን እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ ብሎኛል። ማርሽ ስቀይር ፔዳሉን መንካቴ እንኳ አይታወቀኝም፤ ተረከዜም ውሃ ቋጥሯል። ባልደረቦቼ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ እግሬ ላይ እንዳደርቀው ይመክሩኛል። ልሞክረው?

አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አይሞክሩት። የተዘፈዘፈ ቆዳ ሲደርቅ ቅባቱን አጥቶ ከበፊቱ የባሰ ይጠነክራል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል፤ ሶሉን የያዘው ማስቲሽም ሊለቅ ይችላል። ምድጃ ዳር ማሞቅም ከዚህ አይሻልም፤ በተለይ የእርስዎ ዓይነት ጫማ አብዛኛውን ጊዜ የፕላስቲክ መከላከያ ስላለው ሙቀቱ ቅርጹን ያበላሸዋል።

ከሁሉ በፊት የትኛው ክፍል መለስለስ እንዳለበት እንለይ። ሶሉ የማይታጠፈው ሆን ተብሎ ነው፤ ሞተሩ ወድቆ እግርዎ ላይ ቢያርፍ ጫማው ከጎንና ከጎን እንዳይጨፈለቅ፣ ኮረኮንች ላይ ቆመው ሲነዱም የእግር መርገጫው መሃል እግርዎን እንዳይጎዳው ያደርጋል። ኢኤን 13634 የተባለው የአውሮፓ የሞተረኛ ጫማ ደረጃም ከሚፈትናቸው ነገሮች አንዱ ይኸው በጎን ሲጨመቅ የመቋቋም አቅም ነው። ስለዚህ ሶሉን በእጅ እያጠፉ ለማላላት አይድከሙ። መላላት ያለበት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው መታጠፊያ ብቻ ነው።

ለዚህም ተረከዝዎ ከዳነ በኋላ (የቋጠረውን ውሃ አያፍርጡት) እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፈር ያለ ካልሲ አድርገው ጫማውን ቤት ውስጥ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይልበሱት። የታችኞቹን ዘለበቶች ጠበቅ፣ የላይኞቹን ላላ አድርገው ቁጢጥ ብድግ ይበሉ፣ ደረጃም ይውጡ ይውረዱ። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያለው ዘለበት ከላላ ተረከዝዎ በእርምጃ ቁጥር ወደ ላይ እየተነሣ ይፋተጋል፤ ውሃ የቋጠረውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። መታጠፊያው ቆዳ ከሆነ የቆዳ ቅባት በስሱ ይቀቡት፤ ሶሉን ግን እንዳይነካ፣ ፔዳል ላይ ያንሸራትታልና።

የማርሹ ችግር ግማሹ ከጫማው ሳይሆን ከሞተሩ ነው። ፔዳሉ የተስተካከለው ለስስ ጫማ ስለሆነ የወፍራሙ ቦት ጫፍ ከሥሩ አይገባም። እኔም አዲስ ጫማ ባደረግሁበት ሰሞን ከሁለተኛ ማርሽ ሳልወጣ ሞተሩን እያስጮኽሁ ረጅም መንገድ ሄጃለሁ። የአብዛኞቹ ሞተሮች ማርሽ ፔዳል ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ በአንድ ብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኑን (ብዙ ጊዜ በ10 ቁልፍ) ፈትተው ፔዳሉን ይንቀሉና አንድ ጥርስ ከፍ አድርገው መልሰው ይሰሩት። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ ተቀምጠው፣ እግርዎ እስኪለምደው ድረስ ማርሹን ደጋግመው ይቀያይሩ።

በቀኝ በኩል ያለው አደጋ ግን የባሰ ነው፤ ጫማው ሳይታወቅዎ የኋላ ፍሬኑን ረግጦ ሊቆይና ፍሬኑን ሊያግለው ይችላል። እንደ መንዳት ሆነው ሲቀመጡ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬኑን መብራት ይይልዎ። መብራቱ ከበራ የፍሬን ፔዳሉን ዝቅ ያድርጉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላም የእግር ጣቶችዎ የሚደነዝዙ ከሆነ ልኩን ይጠርጥሩ። የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው መሬት ላይ በማንጠፍ ካልሲውን እንዳደረጉ ይቁሙበት፤ ጣትዎ ከጠርዙ ካለፈ ጫማው ጠቦዎታልና ወንድምዎ ይለውጥልዎ እንደሆነ ይጠይቁት።