ሰሊጥ ለመሸጥ ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ይበቃል?

ጎንደር ላይ ሰሊጥ የምትልኩና ቱሪስት የምታስጎበኙ ስለ ቀላል እንግሊዝኛ ለጠየቃችሁኝ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቀላል እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አለ ወይስ የኮርስ ሻጮች ወሬ ነው?

መልስ፦ አለ። እንግሊዛዊው ኦግደን በ1930 እ.ኤ.አ. 850 ቃላት ያሉት «ቤዚክ ኢንግሊሽ» አወጣ። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮም ከ1959 ጀምሮ በ1,500 ገደማ ቃላት ዜናን በዝግታ ያነብ ነበር። ኋላ አይቢኤም ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ዣን ፖል ኔሪየር ያንኑ ያህል ቃል ይዞ «ግሎቢሽ» አለው። ኮርስ ሻጮቹም አልቀሩም፣ አልዋሽም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ስብርብር ያለ ነው። ገዢው አይንቀኝም?

መልስ፦ ገዢህ ከቻይና ወይ ከቱርክ ከሆነ እሱም እንዳንተ ተምሮ ነው የሚናገረው። የሚያስቸግረው ተረትና ምሳሌ የሚያበዛ አሜሪካዊ ነው።

ጥያቄ፦ ኢሜይል ስጽፍ ይረዝምብኛል።

መልስ፦ የእኛ ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ገጹ ያልቃል! አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጉዳይ። የአውሮፕላን ጥገና መመሪያ በሚጻፍበት ቀላል እንግሊዝኛ አንድ ትእዛዝ ከ20 ቃል አይበልጥም። «በተነጋገርነው መሠረት ዕቃው በቅርቡ እንደሚደርስ ተስፋ እናደርጋለን» አትበል። «19 ቶን ነጭ ሰሊጥ። ጂቡቲ የሚደርሰው ማርች 12። ክፍያ በኤልሲ።» በቃ። (ኤልሲ የገዢው ባንክ ሰነድ አይቶ ሊከፍልህ ቃል የሚገባበት ደብዳቤ ነው።)

ጉዱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የእነሱ 9 ነው፤ «በ3 እንደዋወል» ካልከው ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ይደውላል። 05/06 ለእንግሊዙ ጁን 5፣ ለአሜሪካው ሜይ 6 ነው፤ ወሩን በፊደል ጻፈው። ኩንታልንም ተወው፤ 10 ኩንታል 1 ቶን ነው፣ በቶን ንገረው።

ጥያቄ፦ ውሉንስ እንደዚሁ አቅልዬ ልጻፈው?

መልስ፦ እሱን እንኳ አትንካ። ውል ላይ ትርጉማቸው የተቆረጠ የንግድ ቃላት አሉ። ኤፍኦቢ ጂቡቲ ካልክ ኃላፊነትህ ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ያበቃል። ሲአይኤፍ ከሆነ የመርከቡም የኢንሹራንሱም ክፍያ ያንተ ነው። በራስህ ቃል ልግለጸው ካልክ ክርክር ገዛህ። ኤልሲ ላይ ደግሞ ባንኩ ሰነዱ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመለት ክፍያውን ሊይዝብህ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ የፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ፤ 850 ቃል ይበቃኛል?

መልስ፦ የት ይበቃሻል! ቁስቋም ወጥተሽ እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው ስም እንዴት እንደገዙ ልትናገሪ ነው። ቃሉን ጨምሪ፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን አሳጥሪ። ከቡድኑ ውስጥ ጣሊያንም ጀርመንም አይጠፋም።