ራጁ ንጹህ ነው ብላችሁ አትሸኙት

በቀደም ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም «ዶክተር፣ ዓይኑ የተመታ ልጅ ራጁ ንጹህ ከሆነ ሲቲ ስካን ማዘዝ ብር ማባከን አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁስል ነካብኝ።

ያ የሚቆጨኝ ልጅ ከሞጣ አካባቢ ነበር። በገና ጨዋታ ሩሯ ከዓይኑ ሥር መታችው። አባቱ ይዞት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሄደ። ዓይኑ አልቀላም፣ ፊቱም ብዙ አላበጠም። ግን ያስመልሰዋል፤ ዓይኑን ወደ ላይ ማንሣትም አቅቶታል። ራጅ ተነሣ፣ ስብራት የለም ተባለ። ለትውከቱ የሆድ መድኃኒት ተሰጥቶት ተሸኘ። ባሕር ዳር እኔ ጋ ሲደርስ ጥምቀት አልፏል።

ሲቲው ላይ በግልጽ ይታያል። የዓይን ጉድጓዱ ወለል ተሰንጥቆ ወደ ታች ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ ገጥሟል። ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው የታችኛው ጡንቻ ስንጥቁ መሃል ተይዟል። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ጎብጦ ይመለሳል። ለዚህ ነው ራጅ ላይ የማይታየው። ትውከቱም የሆድ አልነበረም። የተያዘ ጡንቻ በነርቭ በኩል ያስመልሳል፣ የልብ ምትንም ያዘገያል። እንዲህ ያለ ልጅ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀዶ ሕክምና ማግኘት አለበት። ለእሱ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ጡንቻው ቢለቀቅም ጠባሳ ይዟል። ወደ ላይ ሲያይ ሁሉ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። አባቱ «ቶሎ ብንመጣስ ኖሮ ጌታዬ?» አለኝ። ምን ልበለው? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ወጣቶች ጎበዞች ናችሁ፤ ከእኛ ይልቅ ብዙ ታነባላችሁ። ግን ከሲቲው አንዲት ምስል በስልክ አንሥታችሁ በቴሌግራም ትልኩና «ምንድን ነው?» ትላላችሁ። ልጁ ወደ ላይ ያያል ወይ ስላችሁ ዝም! መጀመሪያ ጣታችሁን በዓይኑ አስከትሉት እንጂ። ሲቲውንም በስስ ቁርጥ አሠሩት፣ ከፊት ለፊት የሚያሳየውን ኮሮናሉን እዩ።

ዓይኑ የተመታን ልጅ ሁሉ ሲቲ አስገቡ አልልም። ጨረሩ ለልጅ ዓይን ሌንስ ጥሩ አይደለም። ሆኖም ልጁ ካስመለሰውና ዓይኑ ካልተነሣ እኔ ጨረሩን ፈርቼ ሲቲውን አልተውም።

አንድ እረኛ ልጅም ትዝ ይለኛል፤ ዓይኑ አካባቢ እንጨት ወግቶት የመጣ። ደረቅ እንጨት ሲቲ ላይ እንደ አየር ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው ያልፈዋል። እንጨት ነው ብሎ ቤተሰብ ከነገራችሁ እመኑ።

ደግሞ ሳይመታ በሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ የጠቆረ ሕፃን ሲመጣ፣ ወላጆቹን በድብደባ ከመጠርጠራችሁ በፊት ሆዱን በአልትራሳውንድ እዩለት። ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የሚነሣ ካንሰር ወደ ዓይን ጉድጓድ አጥንት ተሰራጭቶ ሊሆን ይችላል።