60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከብርሃን ፍጥነት ስንት እጅ ነው?

ጥያቄው «ከመስቀል አደባባይ ወደ ሜክሲኮ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ሚኒባስ ከብርሃን ፍጥነት ስንት እጅ ይሆናል? እኔ 0.0002 አገኘሁ፣ ጓደኛዬ 0.0000002፤ ማናችን ልክ ነን?» የሚል ነው። ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። ማካፈላችሁ ልክ ነው፤ የሳታችሁት መለኪያውን ነው።

አንተ 60ን ለ300,000 አካፍለሃል። 300,000 ግን ኪሎ ሜትር በሰከንድ ነው፣ የሚኒባሱ ደግሞ በሰዓት። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ስለሆነ መልስህ 3,600 እጥፍ ተጋንኗል። ጓደኛህ ለ299,792,458 አካፈለ፤ እሱ ሜትር በሰከንድ ነው፤ 1 ሜትር በሰከንድ 3.6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስለሆነ መልሱ 3.6 እጥፍ በልጧል። የእሱ ስህተት ይበልጥ ያሳስታል፤ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

እንዲህ ሥራው፦ 60 ለ3.6 ሲካፈል 16.667 ሜትር በሰከንድ ይሰጣል። እሱን ለ299,792,458 ስታካፍል 5.56 × 10⁻⁸ ታገኛለህ፣ ማለትም 0.0000000556። ደጋግመህ የምትሠራ ከሆነ አንድ ቁጥር ያዝ፦ ብርሃን በሰዓት 1,079,252,848.8 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በሰዓት የተሰጠህን ኪሎ ሜትር በቀጥታ ለዚህ አካፍል። በ900 የሚበር አውሮፕላን 8.34 × 10⁻⁷ ይሆናል። ማይል ከሆነ አስቀድመህ በ1.609344፣ ኖት (የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ከሆነ በ1.852 አባዛው።

ከዚያ ገልብጠህ ፈትሽ፤ ይህችን ማንም መዝለል የለበትም። 1ን ለ5.56 × 10⁻⁸ ብታካፍል 18 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ሚኒባሱ አንድ ሜትር ፈቀቅ ሲል ብርሃን ወደ 18,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በአንተ መልስ ግን ብርሃን የሚሄደው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ስህተቱ ያኔውኑ ይታይ ነበር።

የስልክ ካልኩሌተር መልሱን 5.56 ብሎ ከጎኑ −8 ሊጽፍ ይችላል፤ ያቺን −8 ካላየሃት ሁሉም ይበላሻል። ኤክሴል 0.00 ካሳየህ የሴሉን ፎርማት ወደ ሳይንቲፊክ ቀይረው እንጂ ስሌቱን አትንካ።

299,792,458 ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ የሚተረጎምበት ስለሆነ ግምት ሳይሆን በትክክል የተወሰነ ቁጥር ነው። በ300,000,000 ብትተካው የሚመጣው ልዩነት 0.07 በመቶ ነው፤ የመኪና ፍጥነት መለኪያ ከዚያ በላይ ስለሚስት ሦስት አሃዝ ይበቃሃል። ይህ ሁሉ በባዶ ጠፈር ላለ ብርሃን ነው፤ በፋይበር ኬብል ውስጥ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይወርዳል።

«ምን ይሠራል?» ላላችሁ፣ የትራፊክ ራዳር የሚሠራው በዚሁ ቁጥር ነው። አንድ ራዳር የሚልከው የ24.15 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ 24.15 ቢሊዮን ንዝረት) ሞገድ ፊት ለፊት በ60 ከሚመጣ መኪና ሲመለስ ድግግሞሹ የሚለወጠው በ2 × 5.56 × 10⁻⁸ × 24.15 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በ2,685 ኸርዝ ገደማ ነው። በጓደኛህ ቁጥር ብትሠራው 9,667 ኸርዝ ይወጣል፤ ያን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ግን በ216 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚከንፍ መኪና ነው።