ታማሚው ሲገባ ቀና በሉ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርና አካባቢዋ ላሉ ወጣት ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው። የነርቭ ሕክምና ላይ ረጅም ዕድሜ ቆይቻለሁ። ከዘጌ፣ ከመራዊ፣ ከወረታ የሚመጡ ብዙ አባቶችንና እናቶችን አይቻለሁ። አሁን ወረፋውን የምትረከቡት እናንተ ናችሁ። እንቅስቃሴን ስለሚያዘገየው የአንጎል በሽታ፣ ስለ ፓርኪንሰን፣ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ፤ በሽታውን የሚለየው ማሽን አይደለም። የእናንተ ዓይን፣ የእናንተ እጅና የምትሰጡት ጊዜ ነው።

ቤተሰብ ይህን ቶሎ አይቀበልም። በሬ ሸጦም ቢሆን ኤምአርአይ ማስነሳት ይፈልጋል። ኤምአርአይ የምናዝዘው ግን ሌላ ነገር ስንጠረጥር ነው። በፓርኪንሰን ታማሚ ላይ የተለመደው ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይመጣል። ይህን አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ገንዘቡ ለመድኃኒት ይሁን።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ የገለጸው 6 ሰዎችን ነው። አንዳንዶቹን ያያቸው በመንገድ ላይ ነው። ራጅ እንኳ ገና አልተፈለሰፈም። ያ ሰው ያየውን እኛም ማየት እንችላለን፤ ካርድ ላይ አቀርቅረን ካልሆነ በቀር።

ስለዚህ ታማሚው በሩን ሲያልፍ ቀና በሉ። አንዱ እጅ ሲወዛወዝ ሌላው ከጎን ተጣብቆ ቀርቷል? እርምጃው አጥሯል? ሲዞር እግሩን ብዙ ጊዜ ያነሳል? ፊቱ ዝም ብሏል? ድምፁ አንሷል? ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ግማሹን ታሪክ ነግሯችኋል።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ጣና ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። «ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ገመዱን ማጥበቅ አቃተኝ» ብለው መጡ። አይንቀጠቀጡም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያዩዋቸው ሁሉ «እርጅና ነው» ብለው ሸኝተዋቸዋል። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ሰፋ አድርገው፣ ፈጠን አድርገው እንዲያማቱ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ጥሩ ነበሩ። ከዚያ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄደ። አሥረኛው ላይ ጣቶቹ ሊላቀቁ ምንም አልቀራቸው። ግራ እጃቸው ግን ጤነኛ ነበር። ቀጥሎ የቀኝ አንጓቸውን ይዤ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ትንሽ ይከብዳል። «አባባ፣ በግራ እጅዎ ጨበጥ ለቀቅ ያድርጉ» ስላቸው የቀኙ ግትርነት ወዲያው ጎልቶ ወጣ።

ይኼው ነው። የእንቅስቃሴ ዝግመት መኖር አለበት። ከሱ ጋር ወይ ግትርነት፣ ወይ እጅ ባረፈበት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ይጨመራል። በአብዛኛው ከአንድ ጎን ይጀምራል። ጣት ሲማታ አምስት ጊዜ አይታችሁ አትተዉት፤ መጥበቡ የሚታየው ቆይቶ ነው።

መንቀጥቀጡን ለማየት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፉ። ከዚያ አእምሯቸውን ያዝ አድርጉት። የተማረውን ከ100 ወደ ኋላ አስቆጥሩት። ያልተማረው የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ይበል። ተደብቆ የነበረው መንቀጥቀጥ ብቅ ይላል። የቡና ሲኒ ወደ አፍ ሲወስድ የሚያፈሰው፣ «አረቄ ስቀምስ ይተወኛል» የሚላችሁ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው ያለበት። ለሱ የፓርኪንሰንን መድኃኒት፣ ሌቮዶፓን፣ አትጀምሩለት።

ቤተሰቡን ሳታነጋግሩ አትሸኙ። ቡና ሲቆላ ማሽተት አቁሞ እንደሆነ ጠይቁ። የሆድ ድርቀት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ሌሊት በሕልሙ ይጮሃል? ይማታል? ይህ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ቤት ውስጥ ግን እንደ ክፉ መንፈስ ስለሚታይ ሚስትየው አፍራ ትደብቀዋለች። እናንተ ካልጠየቃችሁ አትናገርም። ድባቴንም እንደዚሁ።

አሁን ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉት ወደምፈልገው ልምጣ። መድኃኒቶቹን በሙሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እዘዙ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል፣ ሁሉም እንቅስቃሴን የሚያግዘውን የአንጎል ኬሚካል፣ ዶፓሚንን፣ ይዘጋሉ። ቁርጥ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ። ያን ጊዜ የሚፈለገው አዲስ ክኒን ሳይሆን፣ ያዘዘውን ሐኪም አማክሮ ያንን ማቆም ወይም መቀየር ነው። ለመሻሻል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ዕድሜው ከ40 በታች የሆነ ወጣት ሲመጣ ደግሞ መዳብ በሰውነት ውስጥ የሚከማችበትን የዊልሰን በሽታን አስቡ፤ ካልዘገየ የሚታከም ነው። ቶሎ ቶሎ መውደቅ ገና ከመጀመሪያው ካለ፣ ወይም ዓይን ወደ ታች ማየት ካቃተው፣ ሌላ በሽታ ጠርጥሩና ላኩት።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ዋናው ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከሱ የሚበልጥ አልመጣም። በሽታውን አያድንም፤ ሰውየውን ግን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። 25/250 የሚለውን ክኒን (25 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ፣ 250 ሌቮዶፓ) ስታገኙ ከሩቡ ወይም ከግማሹ ጀምሩ። ሩቡ ውስጥ ያለው ካርቢዶፓ 6 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ማቅለሽለሽን ለመከላከል በቀን ቢያንስ 70 ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሊያቅለሸልሻቸው ይችላል። አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው መድኃኒቱ ገደለኝ ብለው ይጥሉታል። ለዚያ ማቅለሽለሽ ደግሞ ፕላሲል የሚያዝ አለ! በአንድ እጅ መስጠት፣ በሌላው መንጠቅ ነው። ትንሽ ዳቦ ይቅመሱበት፤ ካልሆነ ዶምፔሪዶን አለ፣ ልብን እያያችሁ።

አርቴን የሚባለው ሌላው የፓርኪንሰን ክኒን ርካሽ ስለሆነ ይታዘዛል። መንቀጥቀጥ ለሚያስቸግረው ወጣት ይሆናል። ሽማግሌን ግን ያቃዣል፣ ሽንት ይከለክላል። ለአረጋዊ አትስጡ።

«በቀን 3 ጊዜ» ብሎ መጻፍ እዚህ በሽታ ላይ አይሠራም። ሰዓቱን ጻፉ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት፤ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12 ብላችሁ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ይበል። ፕሮቲን ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማል። ፕሮቲን ሲባል ሥጋና ወተት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ሽሮም፣ ክክም፣ ምስርም ፕሮቲን ነው። በጾም ወቅት ታማሚው «ምንም አልበላሁም፣ ክኒኑ ግን ከዳኝ» ሲላችሁ መጀመሪያ ስለ ሽሮው ጠይቁ።

ጾምና ጸበል ላይ አትጋጩ። አንድ መሪጌታ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ክኒን አልውጥም አሉኝ። ጠዋት ከቤት ለመውጣት በሩ መድረክ ላይ እግራቸው ይተከላል። ልጃቸው ይዞ ይጎትታል። ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ ለመንኳቸው፤ ተነጋገሩና የጠዋቱ ክኒን ተፈቀደላቸው። ልጃቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። በር ላይ የሚተከሉት ሰው፣ መቋሚያ ይዘው ዝማሜ ሲጀምሩ እግራቸው ይከተላል። ምት ለተተከለ እግር መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ አትጎትቷቸው፤ ምት ስጧቸው፣ አስቆጥሯቸው፣ መሬት ላይ መስመር አስምሩላቸው። ጣና ዳር ማለዳ መራመድም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

ጸበል የሚሄድ ካለ «ሂዱ፣ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ» በሉ። ሌቮዶፓ በአንዴ ሲቆም ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ግትርነትና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። ሰው ይሞታል። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲጠፋም ያው ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ደውላችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

በየቀጠሮው የደም ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ለኩ። ካርዱ ላይ ደግሞ የመጨረሻውን ክኒን ስንት ሰዓት እንደወሰዱና ምርመራው ስንት ሰዓት ላይ እንደተደረገ ጻፉ። ከዓመታት በኋላ የመድኃኒቱ ኃይል በቀኑ መሀል ማለቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ለሚቀጥለው ሐኪም ክኒኑን ማብዛት ይሻል ወይስ ሰዓቱን ማቀራረብ የሚለውን የሚነግረው ያ መስመር ነው።