የጀመሩትን ሚኖክሲዲል አያቁሙ

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። ለገባው ግንባሬ ሚኖክሲዲል (የራስ ቆዳ ላይ የሚደረግ የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት) ጀምሬ በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሬ ባሰበት። ላቁመው? (ከደሴ)

መልስ፦ ይቀጥሉ። መድኃኒቱ አሮጌውን ፀጉር አስለቅቆ አዲሱን ስለሚያስጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ የተለመደ ነው። ባለ 5 በመቶውን ፈሳሽ 1 ሚሊ ሊትር ጠዋትና ማታ በደረቀ የራስ ቆዳ ላይ ያድርጉ፤ ፀጉሩን ማራስ ብክነት ነው። ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ መድኃኒቱ ከደረቀ በኋላ ይሁን። በደሴ ብርድ ቶሎ ስለማይደርቅ የማታውን ከመተኛትዎ 2 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ አለዚያ በትራሱ በኩል ፊት ላይ ደርሶ ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። ውጤቱን ከ4 እስከ 6 ወር ይጠብቁ። ካቆሙ የበቀለው ይረግፋል።

ሌላው የፀጉር መርገፍ መድኃኒት ፊናስተራይድ የሚባለው ክኒን ነው፤ 1 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይዋጣል፤ የወሲብ ፍላጎት ሊቀንስ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይጀምሩት። የተሰበረውን ክኒን እርጉዝ ሴት አትንካው።